ሳይነገረን የሚተኮሰው ድማሚት

ለሕንፃ ሥራ ተቋራጩ የፕሮጀክት ጽ/ቤት
ጎንደር

ጉዳዩ፦ ሐሙስ ዕለት ያለ ማስጠንቀቂያ ስለተተኮሰው ድማሚት

ጤና ይስጥልኝ። ማን እንደሆንኩ ታውቃላችሁ፤ ከአጥራችሁ ጀርባ ያለው አረንጓዴ በር የእኔ ነው። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ።

በእድራችን አዳራሽ ኢንጂነራችሁ ቆሞ የተናገረውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። «ከመተኮሳችን አንድ ቀን ቀድመን በየቤቱ እንነግራለን፣ ሰዓቱን በራችን ላይ እንለጥፋለን፣ ሳይረን ይነፋል፣ መንገዱ ጫፍና ጫፍ ላይ ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው ይቆማል» አለ። ንዝረቱንም በመሣሪያ እንለካለን፣ የጀርመኑን ደረጃ ነው የምንከተለው፣ ንዝረቱ ዝግ ብሎ የሚመላለስ ሲሆን የሚፈቀደው ጣሪያ ለመኖሪያ ቤት በሰከንድ 5 ሚሊ ሜትር፣ እንደ ፋሲል ግቢ ላለ ቅርስ ደግሞ 3 ነው ብሎ አስረዳን። ሽማግሌዎቹ መረቁት።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ የሆነው ግን ሌላ ነው። የእህቴ ልጅ አራስ ናት፤ የምትታረሰው እኔ ቤት ነው። ገንፎ እያገነፋሁላት ነበር። ሳይረን የለ፣ ባንዲራ የለ፣ የነገረን ሰው የለ። ድንገት ምድሩ ተናጋ። ከኮርኒሱ ሥር ያለው ልስን ተገምሶ ድስቱ ውስጥ ገባ። አራሷ ሕፃኑን እንዳቀፈች አልጋ ሥር ተገኘች። እናንተ የሰበራችሁት ድንጋይ ነው፤ ግን ያለነው ጎንደር ነው። ባለፉት ዓመታት እዚህ ከተማ ተኩስ ሲሰማ ያላደረ ማን አለ? ሳይነገረው እንዲህ ያለ ድምፅ የሰማ ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚያስብ ለእናንተ አይጠፋችሁም። ጎረቤቴ በባዶ እግሯ ነው ወደ ልጆቿ ትምህርት ቤት የሮጠችው። ረቡዕ ማታ አንድ ሰው በር አንኳኩቶ «ነገ አራት ሰዓት» ቢለን ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ወዲያው በራችሁ ድረስ መጣሁ። ፎርማኑ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ «እትዬ፣ ልማት አትፈልጉም እንዴ?» አለኝ። እንፈልጋለን፣ ለምን አልተነገረንም አልኩት። «ጉድጓዱ በፈንጂ ከተሞላ መተኮስ አለበት፤ በየቤቱ ማንኳኳት የእኔ ሥራ አይደለም» አለ። ኢንጂነሩ ቃል ገብቶልናል ስለው ሳቀ። «እሱማ ሌላ ሳይት ሄዷል!»

እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ሳቅ ነው። ቃሉን የገባልን ሰውዬው ነው ወይስ ድርጅቱ? የተሞላ ጉድጓድ ማሳደር አደገኛ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ጉድጓዱ ከመሞላቱ በፊት ይበሳ የለም እንዴ? ድንጋዩን በኮምፕሬሰር ስትበሱ ስንት ቀን ጆሯችን ሲደነቁር የከረመው እኮ እኛ ነን። መቼ እንደምትተኩሱ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ ማለት ነው።

ሌላውንም ካነሳሁ አይቀር፣ ለማስታወቂያ የለጠፋችሁት ስልክ ሁልጊዜ ዝግ ነው። ዋና ቢሮ ስሄድ ሳይቱን ጠይቂ፣ ሳይቱ ክፍለ ከተማውን፣ ክፍለ ከተማው መልሶ እናንተን። ገልባጭ መኪኖቻችሁ አፈር እያንጠባጠቡ ቦዩን ደፍነውታል። ያሰጣሁት በርበሬ አቧራ ለብሶ ተበላሽቷል። የውኃ መስመራችንን ቆርጣችሁ ይቅርታ እንኳ አላላችሁም። ይሄን ሁሉ ችለን ነበር።

ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ቀድሞም ቀጭን ስንጥቅ ነበረ፣ አልዋሽም። የወንድሜ ልጅ ከስብሰባው ማግስት ስንጥቁ ላይ ወረቀት በሙጫ ለጥፎ ቀኑን ጻፈበት። ሐሙስ ወረቀቱ መሃል ለመሃል ተቀደደ። ፎቶው አለኝ። የእናንተ መሣሪያ የዚያን ቀን ስንት አነበበ? ወረቀት ላይ አውጥታችሁ አሳዩን። ካልለካችሁም አልለካንም በሉ።

አሁን የምፈልገው ይሄ ነው። የሚቀጥለው ድማሚት ከመተኮሱ በፊት በቃላችሁ መሠረት ለየቤቱ ይነገር፣ ስልኩን የሚያነሳ ሰው ይመደብ፣ በዙሪያው ያለ ቤት ሁሉ ስንጥቁ በባለቤቱ ፊት ፎቶ ይነሳ፣ የእኔም ግድግዳ ይጠገን። ፎርማኑም አራሷን መጥቶ ይቅርታ ይጠይቅ። እስከ መጪው ሐሙስ በጽሑፍ መልስ ካልሰጣችሁኝ ከጎረቤቶቼ ጋር ፈርመን ወደ ከተማው ከንቲባ ጽ/ቤት እንሄዳለን፣ ከዚያም ፍርድ ቤት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2069 ፈንጂ ተጠቅሞ ወይም የመሬቱን አቀማመጥ ለውጦ በሰው ላይ ጉዳት ያደረሰን ኃላፊ ያደርጋል። እናንተ ሁለቱንም ነው የምታደርጉት።

የደብዳቤው ግልባጭ ለእድሩ ሊቀመንበር ተሰጥቷል።

ከሰላምታ ጋር
የአረንጓዴው በር ባለቤት