15ኛው ማሻሻያ ያልዘጋው በር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ አሜሪካ ጥቁሮች የመብት ትግል ባወጣችሁት ጽሑፍ «በ15ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመምረጥ መብት ተሰጣቸው» የሚል አለ። ይህ መታረም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1870 የጸደቀው ማሻሻያ የሚለው፣ የመምረጥ መብት በዘር፣ በቀለም ወይም ቀድሞ ባሪያ በመሆን ምክንያት አይነፈግም ነው። በገንዘብ ወይም በትምህርት ምክንያት ስለ መንፈግ ምንም አይልም። የደቡብ ግዛቶች የገቡት በዚህ ቀዳዳ ነው።

መንገዱን የጠረገችው ሚሲሲፒ ናት። በ1890ው ሕገ መንግሥቷ ስለ መራጮች ስትደነግግ ዘር አልጠቀሰችም፤ መራጭ 2 ዶላር የነፍስ ወከፍ ግብር ይክፈል፣ ከሕገ መንግሥቱ አንድ ክፍል ያንብብ ወይም ሲነበብለት ያብራራ አለች። ክፍሉን የሚመርጠውም መልሱን የሚያርመውም መዝጋቢው ነበር፤ ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1898 ጽሑፉ ዘር አይለይም ብሎ አጸናው። በዚያው ዓመት ሉዊዚያና ተከተለች፤ ራሱ፣ አባቱ ወይም አያቱ በጃንዋሪ 1 ቀን 1867 መራጭ ለነበረ ሰው ደግሞ ፈተናውን አስቀረችለት። በዚያ ቀን በግዛቲቱ የሚመርጥ ጥቁር አልነበረም። በ1896 ከ130,000 በላይ የነበሩት ጥቁር መራጮቿ በ1904 1,342 ብቻ ቀሩ።

ግብሩም ቀላል አልነበረም። በአላባማ በዓመት 1.50 ዶላር ሆኖ ውዝፉ ይደመር ስለነበር፣ ከ21 ዓመቱ ጀምሮ ያልከፈለ ሰው 45 ሲሞላው 36 ዶላር ይጠየቅ ነበር። በብድር ለሚያርስ ጭሰኛ ይህ የማይታሰብ ገንዘብ ነው። በ1964 የጸደቀው 24ኛው ማሻሻያ ግብሩን ያስቀረው ለፌዴራል ምርጫ ብቻ ነው፤ የግዛት ምርጫው ግብር የወደቀው በ1966 በፍርድ ቤት፣ ለሁሉም እኩል የሕግ ጥበቃ በሚሰጠው በ14ኛው ማሻሻያ መሠረት ነው።

ጽሑፋችሁ በአንድ መስመር ያለፈው የ1965ቱ የመራጮች መብት ሕግ ግን ዋናው ነገር ነበር። ከዚያ በፊት የፌዴራል መንግሥት አውራጃዎችን አንድ በአንድ ይከስ ነበር። በአላባማ፣ ሰልማ ከተማ በምትገኝበት የዳላስ አውራጃ ወደ 15,000 ጥቁሮች ለመምረጥ ዕድሜያቸው ደርሶ ሳለ፣ ከአራት ዓመት ክርክር በኋላ የተመዘገቡት ከ156 ወደ 383 ብቻ ከፍ አሉ፤ አንዱ መሰናክል በፍርድ ሲነሳ ሌላ ይተካልና። አዲሱ ሕግ ፈተናውን አገደ፤ የፌዴራል መዝጋቢዎችን ላከ፤ በሕጉ ቀመር፣ ማለትም ግዛቶችን በሚለየው መስፈርት፣ የተያዙትም የምርጫ ደንብ ከመለወጣቸው በፊት ከፌዴራል መንግሥት ፈቃድ እንዲያገኙ አስገደደ። በሚሲሲፒ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ ጥቁሮች መካከል የተመዘገቡት ከ6.7 በመቶ በ1967 ወደ 59.8 በመቶ ደረሱ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 በ5 ለ4 ድምፅ የሻረው ያንን ቀመር ነው። የቅድሚያ ፈቃዱ አንቀጽ ከሕጉ አልወጣም፤ የትኛው ግዛት ፈቃድ እንደሚጠይቅ የሚወስነው ቀመር ስለሌለ ግን አይሠራም። ዛሬ ደንቡ መጀመሪያ ይወጣል፤ ክሱ ኋላ ይመጣል፤ ምርጫው በመካከል ያልፋል። በሚቀጥለው እትማችሁ ይህን ብታካትቱ አንባቢ ይጠቀማል።

ከአክብሮት ጋር