አመጋገብሽን አስተካክዪ፣ መድኃኒትሽን ግን አትተዪ

ውድ ልጄ፣

ከድባቴ ለመዳን አመጋገብሽን ልታስተካክዪ መነሣትሽ አስደስቶኛል፤ ሆኖም መድኃኒቱን በምግብ ልትተኪ ማሰብሽ ስላሳሰበኝ፣ ሐሳቤን ዘርዘር አድርጌ ልጽፍልሽ ወደድሁ።

ምግብ አእምሮን እንደሚነካ አልጠራጠርም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ፔላግራ የተባለ፣ ቆዳን የሚያቆስልና አእምሮን እስከ ማወክ የሚደርስ በሽታ ተስፋፍቶ ነበር። ብዙዎች ተላላፊ ነው ሲሉ፣ ዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገር መንስኤው በበቆሎ ላይ ያተኮረው የድሆች አመጋገብ መሆኑን አሳዩ፤ የጎደለው ንጥረ ነገር ኒያሲን የተባለ ቫይታሚን መሆኑም እ.ኤ.አ. በ1937 ታወቀ። ዛሬም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት የድባቴን መልክ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ደምሽን ካልተመረመርሽ ሐኪምሽን ጠይቂ።

የአንቺ ሕመም ግን ከአንድ ቫይታሚን እጥረት የመጣ ነው ለማለት የሚያስችል ማስረጃ የለንም። በተመራማሪዋ ፌሊስ ጃካ መሪነት በአውስትራሊያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመውን ጥናት ተመልከቺ። ድባቴ ካለባቸው 67 ሰዎች ገሚሶቹ ለ12 ሳምንታት በሥነ ምግብ ባለሙያ እየተመከሩ አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት አዘወተሩ፤ የቀሩት ግን የሚያጫውታቸው ሰው ብቻ ተመደበላቸው። በመጨረሻ ከመጀመሪያዎቹ 32 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 8 በመቶ ያህሉ ከሕመሙ አገገሙ። ውጤቱ ተስፋ ይሰጣል፤ ነገር ግን ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ተሳታፊዎቹም የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳሉ ያውቁ ነበር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አብዛኞቹ መድኃኒት ወይም የንግግር ሕክምና ላይ ነበሩ። ምግቡ የረዳቸው ከሕክምናው ጋር እንጂ በሕክምናው ፈንታ አልነበረም። የቫይታሚንና የዓሣ ዘይት እንክብሎችም በአራት የአውሮፓ አገሮች ከ1,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ተሞክረው ድባቴን ስላልተከላከሉ፣ ገንዘብሽን አታባክኚባቸው።

ሌላም አለ፣ ልጄ። ድባቴ ራሱ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ገበያ መውጣትንና ማብሰልን ተራራ ያደርጋል። ስለዚህ ያገኘሽውን ቀማምሰሽ በዋልሽበት ቀን ራስሽን አትውቀሺ፤ ሕመሙን ያመጣሽው አንቺ አይደለሽም። በርታ ባልሽ ቀን ጥራጥሬ በርከት አድርገሽ ቀቅዪና ለደካማው ቀን አስቀምጪ።

መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣትና ብስጭት ሊያስከትል፣ ሕመሙንም ሊመልስ ይችላል። መቀነስ ከፈለግሽ ከሐኪምሽ ጋር በጥቂት በጥቂቱ ይሁን። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ይህንኑ አንሺ፤ ከፈቀድሽልኝ እኔም አብሬሽ እገባለሁ።

እናትሽ