የጠረጴዛ ጨዋታ ክበብ፦ ግንቡን ማን ይውጣው?

መስከረም ላይ የተመዘገቡት 22 ነበሩ። ኅዳር ሲገባ 11 ቀሩ። የቀሩት ግን ዓርብ ዓርብ ከእኔ ቀድመው ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተኮልኩለው ነው የማገኛቸው።

ለማያውቁት ባጭሩ ልንገር። የምንጫወተው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ይገባል። እኔ ታሪኩን እየተረክሁ «እሺ፣ አሁን ምን ታደርጋላችሁ?» እላለሁ። ያሰቡት ይሳካ አይሳካ የሚወስነው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ነው። ሕጉን በነጻ ከሚወርደው የአምስተኛው እትም መሠረታዊ መጽሐፍ አተምን። ተራውን ዳይስ ከሉዶ ወሰድን።

ገጸ ባሕርይ ሲፈጠር ስድስት ነገር ይመዘገብለታል፦ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ አእምሮ፣ ማስተዋልና ግርማ ሞገስ። በ1974ቱ ሕግ ለእያንዳንዱ ሦስት ዳይስ ይጣላል፣ ድምሩ በተራ ይጻፋል። የወጣልህ ወጣልህ ነው። እኔም የጥንቱ ይቅመሳቸው ብዬ እንዲሁ አስጣልኳቸው። ጣጣው ከዚያ ጀመረ።

አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ለጉልበት ሦስቱንም 6 ጣለ። 18! በአማካይ 216 ጊዜ ተጥሎ አንዴ የሚመጣ ነው። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ 10 አገኘች። እሷ ግን ገጸ ባሕርይዋን በመውጣት፣ በመዝለልና በመዋኘት አሠለጠነቻት። እሱ «ለእኔ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ሥልጠናውን ለሌላ ነገር አዋለው።

ጥቅምት ላይ ግንብ መጣ። ለመውጣት ድምሩ 15 መድረስ አለበት። 18 ጉልበት ዳይሱ ላይ 4 ይጨምራል፣ 10 ምንም፤ የጀማሪ ሥልጠና 2 ብቻ። ከ20 ዕድል እሱ 10 አለው፣ እሷ 8። እሱ ወጣ። እሷ ከግንቡ ሥር ያለው ውሃ ውስጥ ተዘፈቀች።

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ሠልጥኜ ነው! እሱ ዝም ብሎ ነው የወጣው!»

ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ከጨዋታው ይልቅ ክርክሩ በዛ።

ቤቴ ገብቼ ሠንጠረዡን ደግሜ አየሁት። የሥልጠናው ነጥብ ገጸ ባሕርይው በጨዋታው ከሚደርስበት ደረጃ ጋር ያድጋል። 5ኛ ደረጃ ላይ 3፣ 9ኛ ላይ 4፣ 13ኛ ላይ 5፣ 17ኛ ላይ 6 ይሆናል። የሁለቱም ጉልበት ባለበት ከቆየ ልጅቷ ልጁን የምትተካከለው 9ኛ ደረጃ ላይ ነው። የምትበልጠው 13ኛ ላይ። እኛ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ተጫውተን የደረስነው 4ኛ ደረጃ ነው። ሕጉ «ታገሺ» እያላት ነበር፤ ሰኔ ግን አይታገስም።

እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው «ሩንኩዌስት» የተባለ ተመሳሳይ ጨዋታ ነገሩን በሌላ መንገድ ይዞታል። እዚያ የሚያድገው የተጠቀምክበት ችሎታ ነው። ሞክረህ ከተሳካልህ ምልክት ይደረግልሃል፤ በኋላ ለመሻሻል ዳይስ ትጥላለህ። ገና ብዙ የሚቀርህ ከሆነ ዕድልህ ሰፊ ነው፤ ከተካንክ ይጠብብሃል። ሐሳቡን ወስደን በራሳችን ልክ ሰፋነው። ምልክት ያለው በወር አንዴ ባለ 20ውን ይጥላል። ቁጥሩ 10 ላይ አሁን ያለው ጭማሪ ተደምሮ ከሚመጣው ከበለጠ አንድ ነጥብ ያገኛል። ልጆቹ «የወደቀም ምልክት ይገባዋል» አሉ። ወደድኩት፣ ጨመርነው።

ባለ 18ቱ ተቃወመ። እሱ 4 ስላለው ከ14 በላይ መጣል አለበት፤ እሷ ከ12 በላይ ይበቃታል። «ጉልበታም መሆኔ ለምን ያስቀጣኛል?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን የሒሳብ መምህር ነኝ። አንዴ ሰምቶ የሚገባው ልጅ የቤት ሥራ ደብተሩ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሕጉ ጸና።

የካቲት ላይ ያለችን አንዲት ባለ 20 ዳይስ ከቁም ሣጥኑ ሥር ገብታ ቀረች። ሣጥኑን ለአራት ገፋነው፣ የለችም። ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ወረቀቶች አጣጥፈን ኮፍያ ውስጥ ከተትን። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ልጅ 20 አበዛ። ለካ የ20ዋ ወረቀት ጠርዟ ተቀዷል፣ እሱ በጣቱ ዳብሶ ያገኛታል። ይኼኛው ተሰጥኦ ነው ሥልጠና? በሚለው ግማሽ ሰዓት ሄደ። ወረቀቶቹን እንደ አዲስ ቆረጥን፣ እሱንም ኮፍያ ያዥ አደረግነው።

ሰኔ ላይ ታሪኩ ወደዚያው ግንብ መለሰን። ልጅቷ ወር በወር እየጣለች 2ቷን 4 አድርሳለች። ልጁ አራት ጊዜ ጥሎ አንዴም አልቀናውም፤ ያው 4 ላይ ነው። ሁለቱም 11 ብቻ ይበቃቸዋል። እሷ 9 አወጣች። እሱ እየሳቀባት እጁን ከተተ፣ 3። ተያይዘው ውሃው ውስጥ!

ዘበኛው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ መጣ። መስከረም ላይ ከውሃው ነው የምንጀምረው። እስከዚያ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ያለው ወላጅ ካለ፣ እባክዎ በልጅዎ በኩል ይላኩልን።