ፊርማው አለ፣ ሰው የለም

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 8 ቀን

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፦

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ፣ እማማስ ደኅና ናቸው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄ በመጥፋቱ ይቅር በይኝ። የጣና ዳር ጤና ጣቢያዎችንና ጤና ኬላዎችን እንድትከታተዪ መመደብሽን ስሰማ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። መጀመሪያ የሚገጥምሽ ጉዳይ የባለሙያ ከሥራ ገበታ መቅረት ነውና።

ከፊርማ መዝገቡ አትጀምሪ። የሳምንት ፊርማ በአንድ ደቂቃ ይሞላል። የክትባት ፍሪጅ ባለበት ሁሉ በሩ ላይ የተለጠፈውን የሙቀት መመዝገቢያ እዪ። ሙቀቱ በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ፣ ቅዳሜና እሑድ ሳይቀር መነበብ አለበት፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መሆንም አለበት። በትክክል በተነበበ ወረቀት ላይ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የእስክሪብቶው ቀለም ይለያያል፣ የእጅ ጽሕፈቱም እንደ ተረኛው ይቀያየራል። "4" የሚል ቁጥር በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ 14 ጊዜ ተደርድሮ ካገኘሽ ያ ሳምንት በአንድ መቀመጫ የተጻፈ ነው። ቀጥሎ የተመላላሽ ሕሙማን መዝገቡን አውጪና የሰኞንና የዓርብን ቁጥር ከረቡዕ ጋር አስተያዪ። ቤተሰቡ ባሕር ዳር የሆነ ባለሙያ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ሰኞ ጠዋትና ዓርብ ከሰዓት ነው። 4 ሰዓት ገብቶ 9 ሰዓት የሚወጣም አለ። እሱ በወረቀት ላይ አንድም ቀን አልቀረም፤ ከሩቅ ጎጥ ሌሊት ተነሥታ የመጣችው እናት ግን ደጅ ላይ ፀሐይ ይመታታል።

የተዘጋ ጤና ኬላ ባየሽ ቁጥር ደግሞ ለመቅጣት አትቸኩዪ። ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ይይዛሉ፤ ቤት ለቤት መዞርም ሥራቸው ነው። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትቆይ። ሁለቱም መውጣት ካለባቸው የጎጡ ስም፣ የመመለሻ ሰዓትና ስልክ በሩ ላይ ይለጠፍ። አንቺም አንዳንዴ ወደ ተጻፈው ጎጥ ሄደሽ ጠይቂ። መንገድ ተዘግቶበት ወይም በክረምት የፎገራ ሜዳ ውኃ ተኝቶበት የቀረውንም ለብቻ ቁጠሪ። እሱን ከቀሪዎች ጋር መደመር ግፍ ነው።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው በፈቃድ የሚቀረውን ነው። ስብሰባ፣ ሥልጠና፣ ዘመቻ፣ ሪፖርት ማድረስ፣ መድኃኒት ማምጣት፤ ሁሉም ደብዳቤ አለው፣ ብዙውም አበል አለው። በህንድ ራጃስታን፣ ኡዳይፑር ውስጥ ነርሶች ቀንና ሰዓት በሚያትም መሣሪያ መገኘታቸውን እንዲያሳዩ፣ ከቀሩም ደመወዝ እንዲቆረጥባቸው ተደርጎ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት መገኘታቸው በግልጽ ጨመረ። 16 ወር ገደማ ሲሆን ግን ልዩነቱ ጠፋ፤ አስተዳደሩ ከቁጥጥሩ ነፃ የሚሆኑበትን ቀን እያበዛላቸው ስለሄደ ነው። ስለዚህ የአሻራ መሣሪያ ከመግዛትሽ በፊት የፈቃድ ደብዳቤውን ማን እንደሚፈርም እዪ።

ለሁለት ወር ያህል ባለሙያዎቹ የቀሩበትን ቀን ሁሉ ያለፈቃድ፣ በፈቃድ፣ በመስክ እያልሽ ለይተሽ መዝግቢ። የሪፖርት ወራችን ከአንዱ ወር 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ስለሆነ፣ ከ20 በኋላ ባሉት ቀናት የአምስት ጤና ኬላ አሥር ሴቶች የሪፖርት ወረቀት ይዘው መንገድ ላይ ናቸው። ከጤና ጣቢያው አንድ ሰው ዞሮ ቢሰበስብ ይሻላል። ሥልጠናም በግንቦትና በሰኔ ይታጨቃል፤ በጀት ሰኔ 30 ይዘጋልና። ወባ እንደገና የምታንሰራራውም በዚያው ወቅት ነው። ከአንድ ኬላ ሁለቱ አብረው እንዳይጠሩ፣ በክትባት ቀን ደግሞ ማንም እንዳይጠራ ከወረዳው ጋር ተስማሚ።

ስለ ክትባት ቀን አጥብቄ የምነግርሽ ምክንያት አለኝ። የኩፍኝ ክትባት አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ልጅ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ስድስት ሰዓት ከቆየ ይጣላል። ለሁለት ልጅ ብሎ የሚከፍት ስለሌለ እናቶች በአንድ ቀን ይቀጠራሉ። በዚያ ቀን ባለሙያዋ ከሌለች የ9 ወሩ ልጅ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ሳይከተብ ይቆያል። እናቲቱ አዝላው መጥታ በሩን ዝግ ካገኘችው ደግሞ ሁለተኛ ላትመጣ ትችላለች።

የሌሊቱ ጉዳይ ሌላ ነው። አዋላጇ ግቢው ውስጥ ማደሪያ፣ ውኃ፣ የሚቆለፍ በርና የሶላር መብራት ከሌላት ቁጥጥር ብቻውን አያሳድራትም። የዲዩቲ፣ ማለትም የተረኝነት፣ ክፍያዋ ስንት ወር እንደተጠራቀመ ጠይቂ፤ እሱን ሳታስከፍዪ ስለ መቅረቷ አታንሺባት።

ስትመለሺ የሦስት ኬላዎችን የጥቅምት ወር የፍሪጅ ወረቀት በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናነበዋለን። እማማን ጉልበት ሳሚልኝ።

የአንቺው