ልጄን ያቀበጥኩት እኔ አይደለሁም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ቅብጥብጥ ልጆች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የዘመኑ ወላጅ ልጁን መቆጣት ስለተወ ነው ይላሉ ጸሐፊው። ስልኩን ንጠቁት፣ ጠበቅ አድርጉት፣ ይስተካከላል።

እኔ የ9 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ልጄ ኤዲኤችዲ አለበት። ቀልቡን መሰብሰብ፣ ረግቶ መቀመጥ፣ ተራውን መጠበቅ ይቸግረዋል። ሐኪም ከነገረን ሁለት ዓመት ሆነው። ከዚያ በፊት የጸሐፊውን ምክር አንድም ሳላስቀር ሞክሬዋለሁ።

ጠዋት «ጫማህን አድርግ» እለዋለሁ። «እሺ እማ» ይላል፤ ከልቡ ነው። ወደ ጫማው ሲሄድ መሬት ላይ እርሳስ ያያል። እርሳሱን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ወንበር ሥር የጠፋች መኪናውን ያገኛል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ስመለስ አንድ እግሩ ካልሲ አጥልቋል፣ ሌላው ባዶ ነው፣ መኪናዋን ግድግዳው ላይ እየነዳ ነው። «ምን ነበር ያልኩህ?» ስለው ክው ይላል። እምቢተኛ ልጅ እንዲህ አይደነግጥም። ይህን ለማየት ግን ዓመታት ፈጀብኝ።

አስተማሪው «ቤት ውስጥ ሥርዓት ያስይዙልን እንጂ» አሉኝ። አማቴም «አንቺ ነሽ ያቀበጥሽው» አሉ። ስለዚህ ጮህኩ፣ ቆነጠጥኩ። ደብተሩን ለሦስተኛ ጊዜ ጥሎ የመጣ ቀን መታሁት። በማግስቱ መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ «ደብተር» ብሎ ጽፎ ሄደ። ከሰዓት ሲመለስ ጽሑፉ መዳፉ ላይ አለ፣ ደብተሩ የለም። በሩ ላይ ቆሞ፣ ምንም ሳይናገር፣ መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ። ሐኪም ጋ እንሂድ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ሐኪሟ አልቸኮሉም። መቼ እንደጀመረ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም እንዲሁ እንደሆነ፣ ከ6 ወር በላይ ቆይቶ እንደሆነ ጠየቁ። እንቅልፉን፣ ጆሮውን፣ ዓይኑን፣ አወላለዱን ሁሉ ጠየቁ። ከዚያ «ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሰው ነበረ?» አሉ። ባለቤቴ ዝም አለ። ቆይቶ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «እኔ» አለ። «ልጅ እያለሁ ልክ እንደሱ ነበርኩ። አባቴ ገርፎ ገርፎ ነው የደከመው።»

ባለቤቴ ያደገው ጸሐፊው በሚመኙት ዓይነት ቤት ነው። ቁጣ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ እሱ ገና ድሮ ይድን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። መንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ በዚህ ረገድ በልጆች መካከል ካለው ልዩነት 74 በመቶ ያህሉ ከዘር የሚመጣ ነው። አንድ ዘረ መል ብቻ አይደለም፤ ብዙ ናቸው፣ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ያዋጣል። ያለ ጊዜው መወለድ፣ ሲወለዱ ክብደት ማነስ፣ በእርሳስ ብረት መመረዝም ዕድሉን ከፍ ያደርጋሉ። ስልክን በተመለከተ፣ አሌክሳንደር ክራይተን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ትኩረት የማጣት ችግር ከሰው ጋር አብሮ ሊወለድ እንደሚችል የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1798 ነው። ያኔ ምን ስልክ ነበረ?

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የአንጎል ምስል ጥናት ደግሞ፣ የእነዚህ ልጆች የአንጎል ሽፋን በአብዛኛው ከፍተኛ ውፍረቱ ላይ የሚደርሰው በ10 ዓመት ተኩል ገደማ እንደሆነ አሳይቷል። ሌሎቹ በ7 ዓመት ተኩል ይደርሳሉ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ልጄን ከእኩዮቹ ጋር ማወዳደር ተውኩ።

ከሁሉ ያስለቀሰኝ ግን ስኳር ልጅን ያቅበጠብጣል በሚለው እምነት ላይ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ጥናት ነው። 35 ወንዶች ልጆች ስኳር የሌለው መጠጥ ተሰጣቸው። ገሚሶቹ እናቶች ግን ልጃችሁ ስኳር ጠጥቷል ተባሉ። እነዚያ እናቶች ልጃቸው ከመጠን በላይ ተቅበጠበጠ አሉ። ይባስ ብሎ ልጃቸው ላይ ተለጥፈው የበለጠ ሲነቅፉት ታዩ። ልጁ ምንም አልሆነም። የተነገራት ወሬ ነው እናቲቱን የለወጣት። እኔንም «አቅብጠሽዋል» የሚለው ወሬ እንዲህ ነው ያደረገኝ።

ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የተቆጣች እናትና የተቅበጠበጠ ልጅ ሲያይ፣ ቁጣው ነው ልጁን ያበላሸው ይላል፤ ወይም ቁጣው አነሰ ይላል። መድኃኒት የጀመሩ ልጆችን ከነእናቶቻቸው የተከታተሉ ጥናቶች ሌላ ነገር አሳይተዋል። ልጁ ሲረጋጋ የእናቲቱ ቁጣም ይበርዳል። በእርግጥ በጨቅላነታቸው ያለ አሳዳጊ ፍቅር የተጣሉ ልጆች አሉ። በሩማንያ ማሳደጊያዎች ለረጅም ጊዜ ቆይተው በጉዲፈቻ የተወሰዱት ላይ ተመሳሳይ ምልክት ታይቷል። ያ ግን ከባድ በደል ነው፤ ከልጅ ማቀበጥ ጋር አይገናኝም።

እንዲህ ስል የወላጅ ድርሻ የለም ማለቴ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከ6 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከመድኃኒት በፊት ወላጆቻቸው እንዲሠለጥኑ ነው የሚመክረው። ወላጅ ስላጠፋ አይደለም። እንዲህ ያለ ልጅ ማሳደግ ስለሚከብድና ሲደክመን የምናደርገው ነገር ስለሚያባብሰው ነው።

እኔም ሠለጠንኩ። አሁን ከሌላ ክፍል ሆኜ አልጣራም። አጠገቡ ሄጄ፣ ትከሻውን ይዤ፣ ዓይኑን እያየሁ አንድ ነገር ብቻ እነግረዋለሁ። ሲጨርስ ወዲያው አመሰግነዋለሁ፤ ማታ ከተባለማ ረስቶታል። በሩ ላይ ራሱ የሳለው ወረቀት ተለጥፏል፦ ካልሲ፣ ጫማ፣ ደብተር፣ ቦርሳ። ቦርሳውን ማታ ከአባቱ ጋር ሆነው ያዘጋጃሉ። መድኃኒትም ይወስዳል። ደብተር አሁንም ይጠፋል፣ ግን በወር አንዴ ቢሆን ነው።

አንድ ልመና አለኝ። ስለ እነዚህ ልጆች ስትጽፉ የሕፃናት አእምሮ ሐኪም ጠይቁ። አማቴ የጋዜጣችሁ አንባቢ ናቸው፤ ያን ጽሑፍ ያነበቡልኝ እሳቸው ናቸው። ይህንን ካወጣችሁልኝ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የ9 ዓመት ልጅ እናት