ልጅዎ ሰስፔንድ ሲደረግ ዝም ብለው አይፈርሙ

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣

የምጽፈው ከሜሪላንድ ነው። እኛ ሀበሾች ትምህርት ቤት ደውሎ ልጃችሁ ሰስፔንድ ተደርጓል፣ ማለትም ለተወሰነ ቀን ከትምህርት ቤት ታግዷል ሲለን መጀመሪያ የምናረገው ልጁን መቆጣት ነው፣ አስተማሪ አይሳሳትም ተብለን ነዋ ያደግነው፣ ከዛ የሰጡንን ወረቀት ፈርመን ይቅርታ ጠይቀን እንወጣለን። አንዲት የማውቃት እናት እንግሊዝኛው ስለማይገባት ተከሳሹ ልጇ ራሱ እያስተረጎመላት ነው የፈረመችው፣ ከተጣሉት ሁለት ልጆች ደሞ የተባረረው የሷ ብቻ ነው፣ ሌላኛው ነጭ ነበር። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ይሄ ያንገበግበኛል! ዝም አይነቅዝም ይባላል አገር ቤት፣ እዚህ ግን ዝም ስንል የልጁ ሪከርድ ላይ ይጻፋል።

የፌደራሉ ትምህርት ሚኒስቴር በሰበሰበው የ2017-18 ዳታ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጥቁር ተማሪዎች ከጠቅላላው 15 በመቶ ገደማ ሆነው ሰስፔንድ ተደርገው ቤት ከተላኩት ውስጥ ግን 38 በመቶ አካባቢ ነበሩ። "እሱ የጥቁር አሜሪካኖች ጉዳይ ነው" የሚል ወላጅ ስሰማ በጣም አዝናለሁ፣ ልጁን ኮሪደር ላይ የሚያየው ሰው እኮ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። መብቱንም ቢሆን ያገኘነው ሌሎች ታግለውልን ነው። በ1971 ኮሎምበስ ኦሃዮ ውስጥ ትምህርት ቤቶቹ በዘር ጉዳይ ሲታመሱ ድዋይት ሎፔዝና ሌሎች ተማሪዎች ቃላቸው ሳይሰማ እስከ 10 ቀን ተባረሩ፣ ከሰሱ፣ በ1975 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ፈረደላቸው። ከዛ ወዲህ የመንግስት ትምህርት ቤት ልጅ ሲያባርር ጥፋቱን መንገር አለበት፣ ልጁ አላረኩም ካለ ማስረጃውን አስረድቶ የሱንም ቃል መስማት አለበት፣ አደጋ አለ ብሎ ቶሎ ካስወጣውም በተቻለ ፍጥነት ሊሰማው ይገባል።

ስለዚህ እባካችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ እኛ ያለንበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ እኮ ለወላጅ የሚልካቸውን ወረቀቶች ባማርኛም ያዘጋጃል። ምክንያቱን በጽሁፍ ስጡኝ በሉ፣ ያንኑ ጥፋት ያጠፋው ሌላው ልጅ ምን እንደተቀጣም ጠይቁ። በዘር ወይም በቀለም መለየት በ1964ቱ የሲቪል ራይትስ አክት (የዜጎች መብት ህግ) ክልክል ነው፣ ለፌደራሉ ትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል ራይትስ ቢሮ አቤቱታ የሚገባው ደሞ ድርጊቱ ከተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ ነው። በ2025 ከቢሮው 12 ቅርንጫፎች 7ቱ እንዲዘጉ ስለተደረገ እዛ ብቻ ተማምኖ መቀመጥ አያዋጣም፣ ለካውንቲው የትምህርት ቦርድም መጮህ ያስፈልጋል።

እናንተም ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ሀበሻ ጠበቆችን ጠይቃችሁ ይሄን ባንድ ገጽ አውጡልን፣ ቤተክርስቲያንና መስጊድ በር ላይ እኛው እናድለዋለን።

አንድ ወላጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ