ርካሹን ሰሌዳ ከመግዛታችን በፊት መመሪያው መኖሩን እንጠይቅ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደ ራዝቤሪ ፓይ ያሉ ርካሽ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተሮች ለማሽን መቆጣጠሪያነት ሊያገለግሉ እንደሚችሉ በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በመሠረተ ሐሳቡ እስማማለሁ። የማልስማማው ተስማሚውን ሶፍትዌር መጫን ብቻ እንደሚበቃ አድርጎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ባለፈው ነጥብ ላይ ነው። የሥራው ክብደት ያለው እዚያው የታለፈው ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ይህን ያላወቀ ኮሌጅ ወይም የግል ወርክሾፕ ሰሌዳውን በትንሽ ገንዘብ ገዝቶ ወራት ሊያባክንበት ይችላል።

ማሽን የሚቆጣጠር ሶፍትዌር ፈጣን መሆኑ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ በተባለው ጊዜ መድረስ አለበት። በየ1 ሚሊሰከንዱ ለሞተር ትእዛዝ መስጠት ያለበት ፕሮግራም 999 ጊዜ በሰዓቱ ደርሶ አንድ ጊዜ ብቻ ቢዘገይ፣ ኢሜይል ለሚያነብ ሰው ከቁም ነገር የማትገባው ያቺ መዘግየት የሚቆረጠውን ብረት ልታበላሽ ወይም የሠራተኛ እጅ ልትጎዳ ትችላለች። ሪል ታይም የሚባሉት ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች የተሠሩት ለዚሁ ነው። ከእነዚህ መካከል አርቴምስ በ1980ዎቹ መጨረሻ ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት ተብሎ የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ማርስን በሚዞረው ማርስ ሪኮኔሳንስ ኦርቢተር የሬዲዮ መሣሪያ ውስጥም ይሠራል። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሊነክስም ቢሆን ከ20 ዓመት ገደማ ልፋት በኋላ በኅዳር 2024 በወጣው ስሪት 6.12 የሪል ታይም ድጋፉን ከዋናው ኮድ ጋር አዋህዷል። ለብዙ ሥራ እሱ እንደሚበቃ ለመካድ አልፈልግም። የሚሊሰከንድ ክፍልፋይ የሚያሳስበው ሰው ግን ወደ ትንሾቹና ወደ ቀጥተኞቹ ሲስተሞች መሄዱ አይቀርም።

እንዲህ ያለው ሲስተም በየትኛውም ሰሌዳ ላይ በራሱ አይነሳም። በሲስተሙና በሰሌዳው መካከል በሙያው ቢኤስፒ የሚባል የኮድ ክፍል መኖር አለበት። ይህ ክፍል ሜሞሪው ከየት እስከ የት እንደሆነ ያስታውቃል፣ ፕሮሰሰሩን ያዘጋጃል፣ ኢንተራፕቶችን (ፕሮሰሰሩን ከያዘው ሥራ የሚያቋርጡ የመሣሪያ ጥሪዎችን) ተቀብሎ ለሚመለከተው ያከፋፍላል፣ የሰዓት ምት ይሰጣል፣ ቢያንስ በሲሪያል ገመድ (መረጃን ቢት በቢት ተራ በተራ በሚያስተላልፍ መስመር) ፊደል ማውጣት ይችላል። በፋይል ብዛት ሲታይ ትንሽ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ መስመር የሚጻፈው ቺፑ ውስጥ ያለው ሬጂስተር (መሣሪያው የሚታዘዝበት ትንሽ የማስታወሻ ቦታ) ምን እንደሚሠራ ታውቆ ነው፤ ይህም የሚታወቀው ከቺፑ መመሪያ ብቻ ነው።

በየካቲት 2012 በ35 ዶላር ለገበያ የቀረበውን የመጀመሪያውን ራዝቤሪ ፓይ እንውሰድ። ሰሌዳው መብራት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚነቃው እኛ ፕሮግራም የምንጽፍለት ፕሮሰሰር አይደለም፤ የምስል ማቀነባበሪያው ነው። እሱ ከማስታወሻ ካርዱ የራሱን ፋይሎች ያነባል፣ ሜሞሪውን ያዘጋጃል፣ የእኛን ኮድ በሄክሳዴሲማል (በባለ 16 መደብ የቁጥር አጻጻፍ) 8000 አድራሻ ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው ዋናውን ፕሮሰሰር የሚለቀው። አዲሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንግዲህ ሌላው በከፈተው ቤት እንደሚገባ እንግዳ ነው፤ ቁልፉ በእጁ የለም። አምራቹ ብሮድኮም ያወጣው የዚህ ቺፕ የውጭ መሣሪያዎች መመሪያ 205 ገጽ ሲሆን፣ በውስጡ የተጻፉት አድራሻዎች የባስ፣ ማለትም የቺፑ የውስጥ መረጃ መስመር፣ አድራሻዎች ናቸው። ፕሮሰሰሩ ግን እነዚሁኑ ሬጂስተሮች የሚያያቸው ከሄክሳዴሲማል 20000000 ጀምሮ ስለሆነ፣ መመሪያውን እንደወረደ የገለበጠ ሰው ኮዱ ጸጥ ብሎ ይቀርበታል። ስህተት መኖሩን የሚናገር መልእክት እንኳ አይወጣም፤ መልእክት የሚያወጣው ክፍል ራሱ ገና አልተነሳምና። በ2015 በወጣው ሁለተኛው ትውልድ ይህ መነሻ አድራሻ ተቀየረ፣ በ2019 በአራተኛው እንደገና ተቀየረ። ስለዚህ «ራዝቤሪ ፓይን ይደግፋል» የሚል ማስታወቂያ የትኛውን ትውልድ ማለቱ እንደሆነ ሳይጠየቅ መታመን የለበትም።

የሰዓቱ ጉዳይ ደግሞ የመመሪያን ዋጋ ከሁሉ በላይ ያሳያል። በዚያው ቺፕ ውስጥ ለሰዓት ምት የሚያገለግሉ ከአንድ በላይ ታይመሮች (ጊዜ ቆጣሪዎች) አሉ። አንደኛው ለፕሮሰሰሩ ቅርብና ለአጠቃቀም ቀላል ስለሆነ ጀማሪ ሁሉ እሱን ለመምረጥ ይቸኩላል። መመሪያው ግን ይህ ታይመር ምቱን የሚያገኘው ከሲስተሙ ሰዓት በመሆኑና ያ ሰዓት ኃይል ለመቆጠብ ሲባል ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ትክክለኛ ጊዜ የሚፈልግ ሰው በሌላው፣ በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ጊዜ በሚቆጥረው ታይመር እንዲጠቀም ይመክራል። የዚህኛው ታይመር ማነጻጸሪያዎች (ቆጠራው የተባለው ቁጥር ላይ ሲደርስ የሚያሳውቁት ክፍሎች) አራት ቢሆኑም ሁለቱን የምስል ማቀነባበሪያው ስለሚጠቀምባቸው ለእኛ የሚተርፉት የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ምክሩን ያላነበበ ሰው የሚሠራ የሚመስል፣ ሰሌዳው ሥራ ሲበዛበት ግን ሰዓቱ የሚዛባ ማሽን ይሠራል፤ ለሪል ታይም ሥራ ደግሞ ከዚህ የከፋ ጉድለት የለም።

አርቴምስ እንዲህ ያለውን ጥፋት ለመያዝ የሚረዳ አንድ ቀላል ፈተና አለው። ሦስት ተግባራት በየ5፣ በየ10 እና በየ15 ሴኮንዱ እየነቁ ሰዓቱን ያትማሉ፤ የሚጀምሩት ከዲሴምበር 31 ቀን 1988 ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ፈተናው 35 ሴኮንድ ላይ ሲደርስ ማብቃቱን አትሞ ይቆማል። ሠሪው ማድረግ ያለበት ከጎኑ የእጅ ሰዓቱን ይዞ መመልከት ነው። ስክሪኑ 30 ሴኮንድ ሲል የእጅ ሰዓቱ 24 ወይም 40 ካለ፣ የታይመሩ ፍጥነት በስህተት ተገምቷል ማለት ነው። በተማሪ ፊት ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም።

የሲሪያል መስመሩም የራሱ ጣጣ አለው። በ2016 በወጣው ሦስተኛው ትውልድ ላይ ደህናው የሲሪያል ክፍል ለብሉቱዝ ተሰጥቶ፣ ለውጭ ገመድ የተተወው ፍጥነቱ ከቺፑ የውስጥ ሰዓት ጋር የተቆራኘው ትንሹ ክፍል ነበር። የውስጥ ሰዓቱ ከፍና ዝቅ ሲል የሚወጡት ፊደላት ዝብርቅርቃቸው ይወጣል፤ ገመዱን የሚቀያይረው ሰው ገመዱ ምንም እንዳልሆነ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም የማይሞላ ቀዳዳ አለ። ሰሌዳውን የሚያስነሳው የምስል ማቀነባበሪያ ሶፍትዌር ኮዱ ዝግ ነው፤ ሜሞሪውን ከፕሮሰሰሩ ጋር ይጋራል፣ ቺፑ ሲግልም በራሱ ውሳኔ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ የቢኤስፒው ጸሐፊ ምንም ቢጠበብ «ከዚህ ማይክሮሰከንድ አያልፍም» ብሎ በሙሉ ልብ ሊፈርም አይችልም። ሰሌዳው ለመማሪያና ለሙከራ ድንቅ ነው፤ ሰው ሊጎዳ በሚችል ማሽን ላይ ግን ብቻውን እንዲታመን አልመክርም፤ ጽሑፋችሁም ይህን ልዩነት ቢያነሳ ኖሮ መልካም ነበር።

ለኮሌጆቻችን ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ ወሬ አይደለም። በአርቴምስ የራዝቤሪ ፓይ ድጋፍ ላይ ጎግል በየዓመቱ በሚያካሂደው የክረምት መርሐ ግብር የታቀፉ ተማሪዎች ጭምር ሠርተውበታል። እንዲህ ያለው ሥራ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ልኩ ነው፤ መጠኑ የተወሰነ ነው፣ ውጤቱ ይለካል፣ የተማሪውንም ኮድ የውጭ ባለሙያዎች መስመር በመስመር ይመረምሩታል። የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ ሰሌዳው ባይገኝ እንኳ ኪውኢሙ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ውስጥ የተወሰኑ የራዝቤሪ ፓይ ትውልዶች ተመስለው ስለሚገኙ ሥራውን በላፕቶፕ መጀመር ይቻላል። እርግጥ በምስሉ ላይ የተለካ የጊዜ አጠባበቅ ስለ እውነተኛው ሰሌዳ የሚናገረው ነገር የለም፤ አድራሻውና የአነሳሱ ሂደት ትክክል መሆኑን ለማየት ግን ይበቃል።

ጽሑፋችሁ ሰሌዳዎቹን በዋጋቸው ብቻ ደረጃ ሰጥቷቸዋል። እኔ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «የቺፑ ሙሉ መመሪያ ያለ ፊርማና ያለ ምስጢር ውል ከኢንተርኔት ይወርዳል ወይ?» የሚል እንዲሆን እሟገታለሁ። በየሱቁ ከራዝቤሪ ፓይ በረከሰ ዋጋ የሚሸጡ፣ ፕሮሰሰራቸውም የፈጠነ ሰሌዳዎች አሉ። ከአንዳንዶቹ ጋር የሚመጣው ግን አምራቹ አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ የተወው የቆየ የሊነክስ ቅጂ ብቻ ነው፤ መመሪያ የሌለውን ቺፕ ወደ ሪል ታይም ሲስተም ማምጣት ደግሞ የሌላ ሰው ኮድ እያገላበጡ መገመት ይሆናል። በአንጻሩ የራዝቤሪ ፓይ ድርጅት በጥር 2021 በ4 ዶላር ያወጣው ፒኮ የተባለው ትንሽ ሰሌዳ ከ600 ገጽ በላይ የሆነ መመሪያ አለው፤ ዝግ ሶፍትዌር ይዞ ቀድሞት የሚነሳ የምስል ማቀነባበሪያም የለውም። ፍሪአርቶስ፣ ዜፊርና ነትኤክስ የተባሉት ሪል ታይም ሲስተሞች ሁሉ ይደግፉታል። ስክሪንና ካሜራ ለማያስፈልገው የሞተር ወይም የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ የሚገዛ ሰው፣ ስሙ ስለገነነ ብቻ ወደ ትልቁ ሰሌዳ ባይሮጥ ይሻለዋል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ ወደፊት ስለነዚህ ሰሌዳዎች በሚጽፍበት ጊዜ ከዋጋቸው ጎን ሦስት ነገሮችን እንዲያትምልን በአክብሮት እጠይቃለሁ፦ መመሪያው ክፍት መሆን አለመሆኑን፣ የትኛው ሪል ታይም ሲስተም የትኛውን ትውልድ እንደሚደግፍ፣ ያንን ድጋፍም ዛሬ የሚጠብቀው ሰው መኖር አለመኖሩን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ